ከባሌ የሚታየው የበቅሎው ጭራ

ሰኞ፣ ኅዳር 1 ቀን 1973 ዓ.ም.

ከለከሉኝ።

ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ዓረብኛ ነው። ከእሱ ላይ የማውቀው ነገር ቢኖር ቀዩ ማኅተምና የራሴ ፊት ብቻ። ግን የጭነት መኪናው ሾፌር ፖስታውን ሲሰጠኝ ዓይኔን ማየት አልፈለገም። ያኔውኑ ገብቶኛል።

በምሳ ሰዓት ሐጂ ኢድሪስ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ በሱዳን ወገን ካለችው ከገላባት ጋር ሲነግዱ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሸሕዲ ውስጥ ዓረብኛ የመጣለት ሰው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው። መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ልጄ፣ በሠርግሽ ፎቶ ላይ ያለው ሰው ደሳለኝ አይደለም ነው የሚሉት" አሉኝ።

"አዎ፣ አይደለም። ሚዜው ነው" አልኳቸው።

ሐጂ ሳቁ። እኔ እንዳልሳቅኩ ሲያዩ ተዉት። ከዚያ ቃል በቃል ነገሩኝ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ የሚሠራው ደሳለኝ የተባለው አመልካች ባሏ ነኝ ይላል፤ ሚስት የተባለችው ግን በሠርጓ ዕለት በሌላ ወንድ ታቅፋ ትታያለች። ስለዚህ የሚስት ቪዛ አይሰጣትም።

ታቅፋ ይላሉ። እኔን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

እንቅልፍ አልወሰደኝም ብዬ አልጽፍም፤ ወስዶኛል። ንዴት ያደክማል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከማመልከቻው ጋር የሠርግ ፎቶ አያይዙ ሲሉ ያለኝን ላክሁ። ያለኝ ደግሞ አንድ ነው። በጥር 67 ጭልጋ አባቴ ቤት ስንጋባ ከጎንደር የመጣው ፎቶ አንሺ ፊልሙን ፀሐይ አስመታው። ደሳለኝ ያለባቸው ሁሉ ተቃጠሉ። የተረፈው ከአባቴ ቤት ስወጣ የተነሳው ነው፦ እኔ በቅሎ ላይ በካባ ተሸፋፍኜ፣ ከኋላዬ አንደኛ ሚዜው አያልነህ ተፈናጥጦ እንዳልወድቅ በአንድ እጁ ይዞኝ። ደሳለኝ ከፊት በራሱ በቅሎ ቀድሟል። ከእሱ የሚታየው የበቅሎው ጭራ ብቻ ነው። ጭራው ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል።

እኛ አገር ሙሽራን በቅሎ ላይ የሚይዛት ሚዜ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? ፎቶውን አባቴ አይቶታል፣ ቀበሌ አይቶታል፣ የመውጫ ፈቃዱን የሰጡኝ ሰዎች አይተውታል። አንዱም ይሄ ማነው አላለም። ለእኛ ግልጽ ነው። ገዳሪፍ ቢሮ ቁጭ ያለ ሰው ስለ በቅሎ ምን እንደሚያውቅ አላሰብኩም። ጭራሽ ከጀርባው "የሠርጋችን ቀን" ብዬ ጽፌበታለሁ፣ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ።

አሁን ያለሁበት፦

የመውጫ ፈቃዴ የሚያልፍበት ቀን — ታኅሣሥ 30።

ፈቃዱን ለማግኘት የፈጀብኝ — ሁለት ዓመት።

ደሳለኝን ካየሁት — አምስት ዓመት ከአንድ ወር። እንደየዓመቱ ለአንድ አጨዳ ትራክተር ሊጠግን ሄደ፣ ከኋላው ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ከወዲያ የሚመለሱትን ለሳምንታት ይጠይቋቸው ጀመር። አንዱ ለምርመራ ገብቶ አልወጣም። እኔው ነኝ አትምጣ ብዬ የላክሁበት።

ሰዉ ደግሞ ይመክረኛል። ድንበሩ እኮ እዚያ ነው፣ በእግርሽ ተሻገሪ ይሉኛል። አባቴና ጎረቤቱ ብትጠፋ እኛ እንጠየቅ ብለው በጣታቸው ፈርመዋል። በእነሱ አንገት ላይ ተረማምጄ አልሄድም። ብሄድ በወረቀት እሄዳለሁ።

ሥራ ቦታም ሰው ላይ ተናደድኩ። ለመንግሥት እርሻው የሰሊጥ አጨዳ የሚመጡትን የቀን ሠራተኞች የምመዘግብ እኔ ነኝ። ዛሬ ይመር የሚባል የወሎ ሰው መጣ፤ ሽበት የጀመረው፣ ማጭዱን በጨርቅ የጠቀለለ። የይለፍ ወረቀቱ ላይ ፎቶ የለም። ፎቶ የሌለው አይመዘገብም፣ መመሪያው እንዲህ ነው። ፎቶ ያለው አምጣ አልኩት። "ከየት አባቴ ላምጣው እህቴ፣ አገሬ ሩቅ ነው" አለኝ። ቀጣይ ብዬ ጠራሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ቀበሌ። ሦስት ሰዓት ወንበር ላይ።

ጸሐፊውን የለመንኩት አንድ ነገር ነው። በዚህ ፎቶ ላይ ያለው አያልነህ የተባለ ሰው የዚህች ሴት ባል እንዳልሆነ እናረጋግጣለን ብላችሁ ማኅተም አድርጉልኝ አልኩ። ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ።

"ጓድ፣ እኛ የሆነውን ነው የምንጽፍ። ያልሆነውን መጻፍ ከጀመርን ማን ማን ባልሽ እንዳልሆነ ዝርዝሩ መች ያልቃል?"

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ልክ ነው ያለው። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። ስወጣ ጠርቶኝ አንድ መላ ነገረኝ። ሚዜ ነው ያልሽው ሰው የራሱ ሚስት ካለችው የራሱን የጋብቻ ማስረጃ ያምጣ፣ እሱን እናረጋግጣለን አለ።

አያልነህ አብርሃ ጅራ ነው ያለው፣ ሰሊጥ ያመርታል። በጭነት መኪና ላክሁበት።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

የአያልነህ መልስ፦ አልችልም። ሰሊጡ ደርሷል፤ አንድ ቀን ካሳለፈው ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይዘረገፋል።

እውነቱን ነው። እኔም ሰሊጥ መሐል ነው የምውለው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ሰደብኩት። በሠርጌ ቀን እንደዚያ አጥብቆ ይዞኝ አሁን ለአንድ ቀን እንኳ መምጣት አቃተው። ከዚያ ደግሞ እንዲህ ማሰቤ አሳፈረኝ፤ ያጥብቅ እንጂ፣ ገደል ነበር እኮ መንገዱ።

ኃላፊዬ ዛሬ የመዘገብኩትን ሲያይ ምነው ሰው አነሰ አለኝ። ፎቶ የላቸውም አልኩት። መመሪያ ነው፣ ምን ይደረጋል አለ። እኔም ምን ይደረጋል አልኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ጥሩወርቅ መጣች።

የአያልነህ ሚስት ናት። ባልየው ሰሊጡን አልለቅም ሲል እሷ ተነስታ፣ ከአብርሃ ጅራ እዚህ ድረስ ጆንያ ላይ ተቀምጣ መጣች። አቧራ በአቧራ ሆና በር ላይ ቆመች። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተያየነው።

"ባሌን ነው የምትፈልጊው ወይስ ወረቀቱን?" አለችኝ።

"ወረቀቱን።"

"ተመስገን። ባሌማ ሥራ ይዟል።"

ከዚያ እስኪበቃን ሳቅን። ከሰኞ ወዲህ የሳቅኩት ዛሬ ነው። መንገዱን ሙሉ ሾፌሩ ለምን እንደምትሄድ ሲጠይቃት፣ ጣውንቴን ላያት ነው ስትለው እንደመጣች ነገረችኝ።

የሰማንያ ውላቸውን ከብስኩት ቆርቆሮ አወጣች፤ የሽማግሌዎቹ ስም፣ ጣት፣ ሁሉም አለ። ከሥሩ አንድ ፎቶ ነበር። የእሷ ሠርግ። እሷ በቅሎ ላይ፤ ከኋላዋ ተፈናጥጦ በአንድ እጁ የያዛት ሚዜ ደሳለኝ።

ወደ ብርሃኑ አዙሬ አየሁት። እኔ እጅ ላይ ያለው የደሳለኝ ፎቶ ለማመልከቻ የተነሳው ትንሿ ጉርድ ብቻ ናት፤ እሷም ላይ የታሰረ ሰው ይመስላል። እዚህ ላይ ግን ጥርሱ ይታያል። ክንዱ ይታያል። ክንዱ በሌላ ሴት ወገብ ላይ ነው፤ ግድ የለኝም፣ ክንዱ ነው። ናፍቆኛል። ይህን እስከ ዛሬ እዚህ ደብተር ላይ አልጻፍኩም፤ ሁልጊዜ የምጽፈው ስለ ወረቀት ነው።

ጥሩወርቅ ፎቶውን ውሰጂው አለች። ስንጨርስ እመልስልሻለሁ ብያታለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ቀበሌ አረጋገጠ። ማኅተሙ ትንሽ ደብዝዟል ግን ይነበባል። ድል ነው።

ሐጂ ዘንድ ሄጄ በዓረብኛ አስጻፍኩ። በአገራችን ልማድ ሙሽራን በቅሎ ላይ የሚይዛት ሚዜው ነው፤ ለዚህም ማስረጃ፣ በእኔ ሠርግ የባሌ ጓደኛ፣ በጓደኛው ሠርግ ደግሞ ባሌ ሙሽራዋን ይዘው የተነሱት ሁለቱ ፎቶዎች እነሆ። ግልጽ ነው። ሕፃን ይገባዋል።

ሐጂ የጥሩወርቅንና ከክልከላው ጋር የተመለሰልኝን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገው ብዙ አዩ። "ልጄ፣ ሰዎቹ ሚስት ተለዋወጡ እንዳይሉ" አሉኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ምን አስባለዎት ብዬ ተቆጣሁ። እሳቸውን ተቆጣሁ። አባቴን የሚያክሉ ሰው። እሳቸውም ፖስታውን አሸጉልኝ።

ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ወሰደው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ሥራ የለም። ከገዳሪፍም ምንም የለም።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በሠራተኛ ተራው በኩል አለፍኩ። ይመር ተቀምጧል። ማጭዱ እንደተጠቀለለ ነው። አሥር ቀን ሙሉ ማንም አልቀጠረውም፤ ሌሎቹም እርሻዎች ፎቶ እያሉ መልሰውታል። ሳያየኝ ላልፍ ነበር፣ አየኝ። ብድግ ብሎ ሰላም አለኝ። ይቅርታ ልለው አስቤ፣ መመሪያ እኮ ሆኖብኝ ነው አልኩት።

"አብሽሪ እህቴ። አንቺ ምን ታረጊ፣ ወረቀቱ ነው" አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የእሱን ፊት በዓይኔ እያየሁ የፊቱን ወረቀት አምጣ ብዬ የመለስኩ ሰው ነኝ። ገዳሪፍ ያለውን ሰውዬ ስረግም ሰነበትኩ፤ እኔስ ማን ነኝ?

ከዚያው ቀጥታ ኃላፊዬ ቤት ሄድኩ፣ በበዓል ቀን። ሰው አነሰ ሲሉኝ ነበር፣ ሰውማ ተራው ላይ ሞልቷል፤ ጎንደር ካሉት ባለሳጥን ፎቶ አንሺዎች አንዱን ያስመጡና እርሻው በር ላይ ያንሳቸው፣ እኔ ወረቀታቸው ላይ ለጥፌ እመዘግባለሁ አልኩት። ሰሊጡ እየረገፈ ስለሆነ ነው መሰለኝ እሺ አለ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

የደሳለኝ ደብዳቤ መጣ። እንዳለ እገለብጠዋለሁ፣ ልቀደው ስለምችል።

"ሙዲሩ፣ የቢሮው ኃላፊ፣ ሁለቱን ፎቶ ሲያይ ሳቀና ጓደኞቹን ጠራ። እነሱም ሳቁ። ከዚያ፣ እናንተ ሰዎች ሚስት ተለዋውጣችኋል ወይስ እኔን ታሾፉብኛላችሁ አለ። አስረዳሁት። በመጨረሻ፣ አንተና እሷ አንድ ላይ ያላችሁበት አንድ ፎቶ አምጣ፣ እስከ ቅዳሜ ሳምንት እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ፋይሉን እዘጋለሁ አለኝ። አንድ ላይ ለመነሳት አንድ ላይ መሆን አለብን፣ አንድ ላይ ለመሆን ቪዛው ያስፈልገናል አልኩት። እሱን አላውቅም አለ።"

ቅዳሜ ሳምንት ማለት ኅዳር 20 ነው።

ጫማዬን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ሌላኛውንም። ከዚያ ሁለቱንም አንስቼ አደረግኋቸውና ሐጂን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ያሉት ሆነ እኮ።

ሐጂ ይቅርታዬን አልሰሙትም፣ ሌላ ነገር ያስቡ ነበር። ሐሙስ የኮሩ ገበያ ነው አሉኝ። ኮር የሚሉት መተማ ዮሐንስና ገላባት መካከል ያለውን፣ በጋ የሚደርቀውን ወንዝ ነው። ዘንድሮ ሰላም ስለሆነ በየሐሙሱ ነጋዴዎች ከሁለቱም ወገን ይወርዱና አሸዋው መሐል፣ በተደረደረው ድንጋይ ላይ ዕቃ ይቀባበላሉ። ማንም ድንጋዩን አይሻገርም። ሐጂም ጨውና ሳሙና የሚቀበሉት እዚያ ነው።

"እሱ ከወዲያ፣ አንቺ ከወዲህ። ፎቶ ደግሞ ድንጋይ አያውቅም" አሉኝ።

እጃቸውን ሳምኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ለደሳለኝ ላክሁ። ሐሙስ፣ ኮሩ ላይ፣ ድንጋዩን እንዳትረግጥ። እንዳትረግጥ የሚለውን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት።

ፎቶ አንሺው ከነሳጥኑ ደርሷል፣ ሦስት እግር ላይ የሚቆም፣ በጥቁር ጨርቅ የሚሸፈን። እዚያው ውስጡ ያጥበዋል። በመጀመሪያ የተነሳው ይመር ነው፤ ሌሎቹን አቆይቼ እሱን ከወረፋው መጨረሻ ጠራሁት። ነጠላውን አስተካክሎ ትንፋሹን ያዘ። ፎቶው ሲወጣ እሱ ራሱ ይሄ ማነው አለ። ለጥፌ መዘገብኩት። ከሰዓት ጀምሮ ያጭዳል።

ፎቶ አንሺውን ሐሙስ መተማ ውረድልኝ አልኩት። ወታደር አለ፣ ሳጥኔን ቢወስዱብኝስ አለ። ነገርኩት፤ ከበቅሎው ጀምሬ ሁሉንም። ጭራው ላይ ስደርስ እሺ አለ።

መተማ የምወርድበትን የይለፍ ወረቀት ኃላፊዬ ገና አልፈረመም። የመንግሥት ሠራተኛ ድንበር ላይ ምን ትሠራለች ብሎኛል። ፎቶ ልነሳ አልኩት። ነገ ተመለሺ አለ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ትናንት አልፈረመም። ዛሬ ጠዋት አልፈረመም። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ፊት ቆምኩና እስኪፈርም አልወጣም አልኩ። የሚመዘገቡት ውጭ ቆመው ያያሉ። ፈረመ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

አሁን ተመለስኩ፤ ነጠላዬን ሳላወርድ ነው የምጽፈው።

ከሐጂ ጋር በጭነት መኪና ወረድን። ፎቶ አንሺው ሳጥኑን ታቅፎት ነበር። ኮሩ ላይ ስንደርስ ገበያው ቆሟል፤ ከእኛ ወገን ሰሊጥና ማር፣ ከወዲያ ጨው፣ ሳሙና፣ ጨርቅ። ዓይኔ የጥሩወርቅ ፎቶ ላይ ያለውን ደሳለኝን ይፈልጋል። ጀለቢያ የለበሰ ቀጭን ሰው ድንጋዩ አጠገብ ቆሟል፤ አይቼ አልፌዋለሁ። እሱ ነው የጠራኝ።

የእኛ ጠባቂ ወረቀቴን አንብቦ፣ ፎቶ ካለ እኔም አጠገባችሁ ካልቆምኩ አይሆንም አለ። መሐላችን ገብቶ ቆመ። ጠብመንጃውን አስተካከለ። እኔ ልፈነዳ ነው። ሐጂ ሳቅ እያሉ ወደ ጎን አነጋገሩት፤ አንድ እርምጃ ብቻ ፈቀቅ አለ፤ ከዚያ በላይ እንቢ።

እኔ ከድንጋዩ ወዲህ፣ ደሳለኝ ከድንጋዩ ወዲያ። ፎቶ አንሺው ቀረብ በሉ አለን። ሁለታችንም አፈርን። እንደገና ቀረብ በሉ አለ። ትከሻው ትከሻዬን ነካኝ፤ የናፍጣ ሽታው እንዳለ ነው።

ፎቶው እስኪታጠብ ያለችው ጊዜ ነበረችን። አምስት ዓመት ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ። እሱ ቀደመኝ።

"የጫማሽን ቁጥር ረሳሁት" አለኝ።

"ሠላሳ ሰባት" አልኩት።

ሌላ ምን እንዳልን አላስታውስም። ስለ አባቴ ጠየቀኝ መሰለኝ። ከስተሻል አለኝ፤ አንተም አልኩት። ፎቶው ወጣ፤ እርጥቡን በደብተር ወረቀት መሐል አድርጎ ወሰደው። ዛሬውኑ ገዳሪፍ ገብቶ፣ ዓርብ ቢሮው ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ በጠዋት ሊሰጥ ነው። ገላባት ዳገቱን እስኪወጣ አየሁት። ሁለት ጊዜ ዞረ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ሾፌሩ አልመጣም። ቢመጣም ዛሬ ምን ይዞ ይመጣል? አውቃለሁ። ቢሆንም ሦስት ጊዜ መንገድ ወጥቼ አየሁ።

አንድ ነገር እያብሰለሰልኩ ነው የዋልኩት። ፎቶው ዳር ላይ የጠባቂው ትከሻና የጠብመንጃው አፍ ገብቷል። ደግሞ ይሄኛውስ ምንሽ ነው ቢሉኝስ? ባሏ እሱ ነው ቢሉስ? ይሉታል። ከእነዚህ ሰዎች የሚቀር ነገር የለም።

ዛሬ አርባ ሰው መዘገብኩ፣ ሁሉም በሳምንቱ መጀመሪያ በተነሱት ፎቶ። ይመር ሲያልፍ ማጭዱን ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

ፎቶ አንሺው ወረቀት ስላለቀበት ለእኔ ሁለተኛ ቅጂ አልነበረውም። መጀመሪያ የሚወጣውን፣ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ የሚሆነውን ሰጠኝ፤ ሌላው ሰው ይጥለዋል። እኔ እዚህ ደብተር ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ፊታችን ጠቁሯል፣ ዓይናችን አይለይም፤ ጀለቢያው የሐዘን ልብስ መስሏል። ፀጉራችን ግን የሁለታችንም ነጭ ነው። ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ፣ አብረን ኖረን ያረጀን እንመስላለን።